ምላሴ ሲደክም የተማርኩት ጸሎት

የዓይንሽ ቆብ ወደ ማታ ላይ እምቢ ብሎ የሚወድቅ ከሆነ፣ ስታወሪ ቆይተሽ ድምፅሽ በአፍንጫሽ የሚወጣ ከሆነ፣ ሥጋ ቀርቶ ዳቦ ማኘክ የሚያደክምሽ ከሆነ፣ ይህን የምጽፈው ላንቺ ነው። ወንድም ከሆንክ ላንተም ነው፤ በሽታው አይመርጥም። ፈጽሜ ድኛለሁ ብዬ አልዋሽም፤ መድኃኒቴን እስከ ዛሬ እወስዳለሁ። ግን ይኸው እበላለሁ፣ እስቃለሁ፣ እሠራለሁ፣ ከእህቴም ጋር እንደ ድሮዬ እከራከራለሁ። ያኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ስንት ለቅሶ በቀረልኝ ነበር።

ሙሉ እባላለሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን። ሥራዬ በስልክ ማስተርጎም ነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ በሽተኛው በአማርኛ፣ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሄድሴት ጆሮዬ ላይ አድርጌ የአንዱን ለአንዱ አደርሳለሁ። በዚህ ሥራ ከራስህ አንዲት ቃል መጨመር ክልክል ነው። በሽተኛው «ወገቤን ቆረጠኝ» ካለ እኔም «ወገቤን ቆረጠኝ» ነው የምለው። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ወገብና የሌላ ሰው ሆድ ሲያመኝ ይውላል ማለት ነው። ፈጣን ነኝ፤ ይህን በጉራ አይደለም የምለው፣ ደሞዜ ነው። ታናሽ እህቴ ገነት «አንቺ ስታወሪ ነጠላ ሰረዝ እንኳን የለሽም» ትለኛለች።

ጸሎቴም እንደዚያው ነበር። አባታችን የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለነበር ሁለታችንንም በልጅነታችን ዳዊት አስደግሞናል፣ በግዕዝ። ዳዊት እንደምታውቁት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይጸለያል፤ ሰኞ የሰኞው፣ ማክሰኞ የማክሰኞው። እኔ የዕለቱን ሳልጨርስ ሥራ ገብቼ አላውቅም። በልጅነቴ የገባ ነውና ምላሴ ራሱ ይዞት ይሄዳል፤ እኔ ምሳ ምን ልሥራ እያልኩ አስባለሁ፣ ምላሴ ደግሞ ይጸልያል። ተግባብተን ነበር የምንኖረው።

ገነት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። ከብዙ ዓመት በፊት «ጌታን ተቀበልኩ» ብላ ወደ ጴንጤዎቹ ሄደች፤ እኔ ጌታን ያልተቀበልኩ ይመስል። ያኔ ስንት ቀን አለቀስኩ፣ ስንት ቀን ተኳረፍን። ከዚያ ታረቅን፣ ግን አንድ ነገር ላይ ሳንነጋገር ተስማማን፤ አብረን አንጸልይም። ማዕድ ስንቀርብ እኔ አቡነ ዘበሰማያቴን በሆዴ፣ እሷም የራሷን በሆዷ፣ ከዚያ «ብዪ እንጂ» እንባባላለን።

ሕመሙ በክረምት ጀመረኝ፣ የዚህ አገር ክረምት፣ በረዶው። በመጀመሪያ የግራ ዓይኔ ቆብ ወደ ማታ ላይ ይወርድ ጀመር። እንቅልፍ ነው አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ስልክ ላይ ሆኜ ሐኪሙ «አስተርጓሚዋ፣ አልሰማሁሽም፣ ይደገም» አለ። ደገምኩለት። አሁንም አልሰማም። በሽተኛዋ አንዲት እናት ነበሩ፤ ራሳቸው ታመው ለእኔ አዘኑ። «ልጄ፣ ደክሞሻል መሰለኝ፣ ሂጂና ጋደም በይ» አሉኝ። ይህንንስ ለሐኪሙ ላስተርጉምለት? የሚባለውን ሁሉ ማስተርጎም ግዴታዬ ነውና አስተረጎምኩት፤ ሐኪሙ ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ዳዊቱ ላይ ይበልጥ ያስፈራ ነበር። እጀምራለሁ፣ ምላሴ ደህና ነው። መሀል ስደርስ ቃሉ አፌ ውስጥ ይወፍራል፣ ይተሳሰራል። መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት ስቀመጥ መልሶ ይፈታል። ስጸልይ የሚያስረኝ፣ ስተው የሚለቀኝ ምንድን ነው? ኦርቶዶክስ ሆኖ ይህን ጥያቄ ጠይቆ መልሱ ጤና ጣቢያ ነው የሚል ሰው ማነው? እኔስ ጠላት ነው አልኩ።

ቢሆንም ሐኪም ቤት አልቀረሁም። መነጽር ቤት ሄድኩ፤ አዲስ መነጽር ሰጡኝ። ቅርቤ ያለ ክሊኒክ ሄድኩ፤ አለርጂ ነው፣ ጭንቀትም አለብሽ ተባልኩ። አንድ ቀን አነጋገሬ እንደ ሰካራም ሲሆንብኝ ኢመርጀንሲ ገባሁ፣ ስትሮክ ነው ብዬ፣ ማለት ጭንቅላት ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶ። እዚያ ወንበር ላይ ጠበቅኩ፣ ከዚያ አልጋ ላይ ጠበቅኩ። ሐኪሙ ሲመጣ «ፈገግ በይ» አለኝ፣ ፈገግ አልኩ። «እጅሽን አንሺ» አለኝ፣ አነሳሁ። «ተናገሪ» አለኝ፣ እንደ ድሮዬ ለፈለፍኩ! የጭንቅላት ምርመራው ንጹሕ ነው ተብዬ ወደ ቤቴ ተሸኘሁ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ይህ በሽታ ጡንቻ ሲሠራ ይብሳል፣ ሲያርፍ ይሻላል። ወረፋ መጠበቁ ራሱ ያሳርፈኝና ሐኪሙ ሲመጣ ደህና ሆኜ ያገኘኛል። እናንተም እንደዚህ የሚያደርጋችሁ ከሆነ፣ ሲብስባችሁ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹና ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ሕንጻችን ውስጥ የሚኖሩ እትዬ አስካለ የሚባሉ ትልቅ ሴት አሉ፤ ለሰው አዛኝ ናቸው። «ዓይን ነው፤ እንዲህ አፍሽ እየፈጠነ ሰው ፊት ታወሪያለሽ» አሉኝ። ቅዳሜ ጠበል ይዘውኝ ሄዱ። ከጠበሉ ስጠጣ መዋጥ አቃተኝና ውኃው በአፍንጫዬ ተመልሶ ወጣ። «እሰይ! እሰይ! እየለቀቀሽ ነው!» ብለው እልል አሉ። አጠገባችን ያሉትም ተቀበሏቸው። ምን ላርግ፣ እኔም ደስ አለኝ። እንግዲህ ያ ሁሉ እልልታ የጉሮሮዬ ጡንቻ መስነፉን የሚያበስር ነበር። ጠበሉ ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋነው እኛ ነን፣ ያየነውን ምልክት ለሐኪም ሳንናገር በእልልታ መለስነው።

ገነት ያወቀችው ምሳ ልትጋብዘኝ መጥታ ነው። ሁለት ሦስት ጎረስኩና አገጬን በእጄ ደግፌ ማኘክ ጀመርኩ። ለካ ለራሴ ሳይታወቀኝ ልማድ አድርጌዋለሁ። ሹካዋን አስቀመጠች። «እትዬ፣ አገጭሽን ለምንድን ነው የያዝሽው?» አለች። ውኃ ተጎንጭቼ መልስ ልሰጣት ስል ትን አለኝ፣ ልሞት ምንም አልቀረኝ። ከዚያ በኋላ እሷን ማን ያስቆማታል! የነርቭ ሐኪም አፖይንትመንት ጠየቀች፤ የተሰጣት ከወራት በኋላ ነበር። በየቀኑ ደወለች። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ሰለቻትም አዘነችም መሰለኝ፣ አንድ ጠዋት «የቀረ ሰው አለ፣ አሁኑኑ ልትደርሱ ትችላላችሁ?» ብላ ራሷ ደወለችልን። ያችን ልጅ ስሟን ሳላውቅ እስከ ዛሬ አስባታለሁ።

ሐኪሟ ቀስ ያለች ሴት ናት። ቁጥር ጮክ ብለሽ ቁጠሪ አለችኝ። ቆጠርኩ። እየቆጠርኩ ስሄድ ድምፄ ሲቀጥንና በአፍንጫዬ ሲወጣ እሷ ዝም ብላ ትሰማለች። የመጀመሪያዋ ሰው ናት እስኪደክመኝ የሰማችኝ። ከዚያ ጓንት ውስጥ በረዶ አድርጋ የወደቀው ዓይኔ ላይ አስቀመጠችው። ስታነሳው የዓይኔ ቆብ ተከፈተ! ገነት «ሃሌ ሉያ!» ብላ ጮኸች፤ እኔ «እግዚኦ!» አልኩ። ሐኪሟ ሁለታችንንም እያየች ሳቀች።

ማያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል አለች። ነርቭ ለጡንቻ መልእክት ይልካል፤ ጡንቻው በር ላይ ግን የሰውነታችን የገዛ ራሱ ዘበኛ ተሳስቶ ቆሞ መልእክቱን ይከለክላል። ደረት ውስጥ ያለ ቲመስ የሚሉት እጢም በዚህ እጁ አለበት፤ የእኔ አብጦ ተገኘ። መድኃኒት አለው፣ በሰዓቱ ይዋጣል፣ ወደፊት እጢው በኦፕራሲዮን ይወጣል። ያኔ ምላሴ ደክሞ ስለነበር የምታስተረጉምልኝ ገነት ነበረች። የማስተርጎም ሥራ እንዲህ ይበላሻል? ሐኪሟ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትል ገነት ሦስት ታደርገዋለች። እኔ አንድ ቃል ስል «እህቴ በጣም ግትር ናት፣ የሚነገራትን አትሰማም» ብላ ትጨምራለች። እንግሊዝኛውን እየሰማሁ መመለስ አለመቻል! ከበሽታው ይልቅ እሱ ሊገድለኝ ነበር።

መዋጥ እስኪሻለኝ ብቻዬን እንዳልሆን ብላ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቷ ወሰደችኝ። እዚያ ነው ጉዱ የመጣው። ገነት ጠዋት ጠዋት ከጸሎት ጓደኞቿ ጋር በስልክ መስመር ላይ ትገባለች። አቤት ጩኸት! አንዷ ስትጨርስ አንዷ ትቀጥላለች፤ ጌታን እንደ ጎረቤት ነው የሚያወሩት። እኔ በሌላው ክፍል ዳዊቴን እከፍታለሁ። ጥቂት ስሄድ ምላሴ ይታሰራል። አርፌ እጀምራለሁ፣ ደግሞ ይታሰራል። የዕለቱን መጨረስ አልቻልኩም። ሰኞ የጀመርኩት ሳያልቅ ማክሰኞ ገባ፣ የማክሰኞው ሳያልቅ ረቡዕ። ሥራዬን አቁሜ አላለቀስኩም፣ ምግብ እንደ ሕፃን ተፈጭቶልኝ አላለቀስኩም፣ በዚህ ግን ተንሰቀሰቅሁ። ድምፄ ካልተመለሰ በምን እጸልያለሁ? ሌላ አላውቅማ። የምፈራው ሞትን አልነበረም፤ እንዲህ ዲዳ ሆኜ፣ ከእግዚአብሔርም ተቆራርጬ መኖርን ነበር።

ገነት ገብታ አየችኝ። ያን ቀን ልትሰብከኝ ብትሞክር ኖሮ ቻርጀሬን ነቅዬ ወደ አሌክሳንድሪያ በሄድኩ ነበር። አልሰበከችኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና መጽሐፉን አየችው።

«ለምን ትሮጪያለሽ?» አለች።

«የዕለቱ አለ» አልኳት፣ በተወላገደ ምላሴ።

«አንድ መስመር ብቻ በይ። ከዚያ አቁሚና ስለዚያ መስመር አናግሪው።»

«ዳዊት ይደገማል እንጂ እንደ ወሬ…»

«ምላስሽ የሚችለው አንድ መስመር ነው። እግዚአብሔር ካንቺ የሌለሽን ይጠይቃል እንዴ?»

መልስ ነበረኝ፤ ምላስ አልነበረኝም። ደግነቱ እሱ ነው። ምላሴ ቢሠራ ኖሮ ተከራክሬ አሸንፌ እንደ ድሮዬ እሮጥ ነበር።

ስትወጣ የሰኞውን ከፈትኩ። እስከ መቼ ትረሳኛለህ ከሚለው ደረስኩ። ስንት ዓመት ሰኞ ሰኞ ብዬዋለሁ! ሜትሮ ባቡር የማይቆምበትን ጣቢያ እንደሚያልፍ አልፌው ስሄድ ኖሬ ለካ ጥያቄ ነው። አቆምኩ። በአማርኛ፣ በሹክሹክታ፣ «እውነት እስከ መቼ ነው?» አልኩት። ፈራሁ። ለእግዚአብሔር እንዲህ ይባላል? ግን ያለው ዳዊት ነው፣ እኔ አይደለሁም፤ ቤተ ክርስቲያኔ ናት ይህን በየሳምንቱ በይ ያለችኝ። እንድለው ከተፈቀደልኝ ምነው እንዳስበው ያልተፈቀደልኝ መሰለኝ? ያን ቀን ያችን ጥያቄ ይዣት ዋልኩ። መልስ አላገኘሁም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሰው እንደተናገርኩ ተሰማኝ፣ የሚሰማ ሰው ፊት።

በቀጣዩ ሰኞ ደግሞ አለፍ ብሎ፣ ምላሴ ከጉሮሮዬ ጋር ተጣበቀ ከሚለው ደረስኩ። ሳቅ ያዘኝ! መነጽር ቤት ዞርኩ፣ ክሊኒክ ዞርኩ፣ ኢመርጀንሲ ገባሁ፣ ጠበል ተጠመቅሁ፣ የእኔን ሕመም ሰኞ ሰኞ በገዛ አፌ ስናገረው ኖሬያለሁ። ሳቄ ለገነት ተሰማትና ትን ያለኝ መስሏት እየሮጠች መጣች። በጣቴ አሳየኋት። አነበበችው። «እኔም እኮ በቃሌ የማውቀው ነው» አለችና አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እኔ መስመሯን በግዕዝ እላለሁ፣ ሁለታችንም ዝም እንላለን፣ ከዚያ ገነት በዚያችው መስመር ላይ ትጸልያለች፤ እኔ እሰማለሁ። አብረን አንጸልይም ወደሚለው ስምምነት ሳንነጋገር እንደገባን፣ ሳንነጋገር ወጣን።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ ይህን ገጠመኝ የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ሠራ። ዓይኔ ተከፈተ፣ ምግብ ወረደልኝ፣ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ዐቢይ ጾም ገባ። እኔ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስም። ኪኒኑ ደግሞ በውኃ ነው የሚዋጠው፣ ያውም ከቁርስ በፊት ጀምሮ በየሰዓቱ። ታዲያ ምን አደረግኩ? የጠዋቱንና የቀኑን ትቼ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መዋጥ ጀመርኩ። እሑድማ ልቆርብ ስል ከዋዜማው ጀምሮ እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ ምንም የለም። ማንንም አልጠየቅኩም። ሐኪሟን ብጠይቃት አይገባትም አልኩ፤ ገነትን ብነግራት ጾም ላይ ትዘባበታለች አልኩ፤ የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው አትጹሚ ይሉኛል አልኩ። ሦስቱም ምን እንደሚሉ እኔው ወሰንኩላቸው። ለማንም ቃል ሳልጨምር የኖርኩ አስተርጓሚ ያን ጊዜ የሁሉንም መልስ ፈጠርኩ።

በዚያ ላይ ጉንፋን ያዘኝ፣ ወደ ደረቴ ወረደ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ስገባ አንገቴ ራሴን አልሸከም አለ። መተንፈስ ሥራ ሆነብኝ። ገነት ጋ ደወልኩ፣ «ነይ» ማለት ብቻ ቻልኩ። እሷ ሜሪላንድ እኔ ቨርጂኒያ፤ ብልህ ናት፣ እሑድ የት እንደምገኝ ታውቃለችና አምቡላንስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጠርታልኝ መንገድ ጀመረች። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ ገብቶ፣ ማሽን እየተነፈሰልኝ፣ ደሜ በሌላ ማሽን ሲጣራ ነው። ያ የተሳሳተ ዘበኛ ከደሜ የሚወጣው እንደዚያ ነው።

ቱቦ ያለበት ሰው መናገር አይችልም። አንዲት ቃል የለም። ያን ፍርሃት እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ሲመሽ ይብሳል፤ ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ያለቀልኝ ይመስለኛል። ዳዊቴን በልቤ ልበል ብል የመድኃኒቱ ድንዛዜ ይቆራርጥብኛል። የቀረችልኝ አንዲት መስመር ናት፤ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የምትለዋ። እሷን ይዤ አንዳንዴ እንደ ጥያቄ፣ አንዳንዴ እንደ ልመና፣ አንዳንዴም እንደ ቁጣ አልኳት፣ ምነው ታዲያ እረኛ ከሆንክ የት ነህ እያልኩ። ምላስም የለ፣ ድምፅም የለ፣ መጽሐፍም የለ። ጸሎቱ ግን ነበረ። ያ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ያን ቀን ከዚያ ፍርሃት ወጣሁ። ዲዳ ሆኖ ከእግዚአብሔር መቆራረጥ የለም።

ገነት ጉዱን የሰማችው ከሐኪሞቹ ነው፤ ኪኒኑን እንደማቋርጥ ከፋርማሲ የወሰድኩት ተቆጥሮ ታወቀ። መጥታ አልጋዬ ጎን ቆመች። ፊቷ ቀልቷል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልትገድይኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። የምሞተው እኔ፣ የምትገደለው እሷ! «ጾሙን ማን ጠላብሽ? ብትነግሪኝ ምን አደርግሽ ነበር? አብሬሽ መላ እፈልግ አልነበር?» ከዚያ ወንበሩ ላይ ወድቃ አለቀሰች። እጄን ዘርግቼ ያዝኳት። ጥቂት ቆይታ ፊቷን ጠረገችና፣ ቀኑ ረቡዕ ነበር፣ የረቡዕን ዳዊት በአባታችን ዜማ ጀመረችልኝ። ጴንጤዋ እህቴ! መሀል መሀል ላይ ትሳሳታለች። እኔ ላርማት አልችልም። ይቅርታ አድርጉልኝና እንደዚያ የተሳሳተና እንደዚያ የጣፈጠ ዳዊት ሰምቼ አላውቅም።

ቱቦው ከወጣልኝ በኋላ የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ገነት ወንበሯን ለቀቀችላቸው፤ ሻይም ልታመጣላቸው ወጣች። እሳቸውም አቀርቅሬ የተናገርኩትን ሰሙ።

«ልጄ፣ ማን አዘዘሽ?» አሉኝ።

«ማንም፣ አባ። ጾሙ እንዳይፈርስብኝ ብዬ ነው።»

«መድኃኒት እኮ መብል አይደለም። ለበሽተኛ ጾም የሚፈታው በእኛ በካህናቱ ነው፣ እኛን መጠየቅ ነው ሥራሽ። አሁን ጾምሽ ምንድን ነው መሰለሽ? ኪኒኑን በሰዓቱ መዋጥ፣ ውኃውን አመስግኖ መጠጣት። ይህን ስትፈጽሚ ጾምሽልኝ እላለሁ።»

ይህን ያልኩት እናንተም እንድትሰሙት ነው። ኪኒን ልታቋርጡ ስታስቡ ለንስሐ አባታችሁና ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ በእነሱ አፍ ሆናችሁ ለራሳችሁ አትመልሱ።

ከፋሲካ በኋላ ቅዳሴ ሄድኩ፣ የጠዋት ኪኒኔን ውጬ፣ በአባ ፈቃድ። ከወንጌል በፊት ዲያቆኑ ምስባክ ያዜማል፤ ከዳዊት የተወሰደች ጥቂት መስመር ናት፣ ሕዝቡም ይቀበላል። እውነቱን ልናገር፣ ያ ሰዓት ለእኔ ነጠላ የማስተካክልበት ሰዓት ነበር። ያን ቀን ግን ዲያቆኑ ገና የመጀመሪያዋን መስመር ሲል ደረቴን መታኝ። ገነት ቤት ሳለን ለሁለት ቀን ይዘናት የዋልናት መስመር ናት። ያቺ ቃል ከእኔ ከንፈር ወጥታ ሕዝቡ ሁሉ አፍ ውስጥ ገባች። ቅዳሴው አዲስ ነገር አልተጨመረበትም፤ ልጅ ሆኜ የቆምኩበት ቅዳሴ ነው። እኔ ግን ውስጡ ነበርኩ። አጠገቤ የቆሙት እትዬ አስካለ እንባዬን አይተው «አሁንም ያምሻል?» አሉኝ በሹክሹክታ። «አይ እትዬ፣ ደህና ነኝ» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ውኃ አመጡልኝ።

ለታመማችሁ ይህን እላለሁ። ሲደክማችሁ ራሳችሁን አትሳደቡ። የኢንሹራንሱ ስልክ፣ ወረፋው፣ የሚቀያየረው አፖይንትመንት ያሰለቻል፤ አንድ ጯሂ ሰው ከጎናችሁ አድርጉ፣ እህትም ብትሆን፣ ጎረቤትም ብትሆን። ጸሎታችሁ ረጅም መሆን ካልቻለ አትዘኑ። ዳዊትን አሁንም የዕለቱን እደግማለሁ፣ ምላሴ ደህና ሲሆን። ግን አንዷን መስመር ሳላናግርባት መጽሐፉን አልከድንም።

የኦፕራሲዮኑን ጠዋት ነግሬያችሁ ላብቃ። የዚህ አገር በጋ፣ የሰመር ጠዋት ነበር፤ ከደረቴ እጢውን የሚያወጡበት ቀን። ሐኪሞቹ ራሳቸው የጠዋቷን ኪኒን አስቀርተዋት ስለነበር ድምፄ ክር ሆኗል። ነርሷ ቀለበቴን አስወለቀችኝ፣ ፀጉሬን በወረቀት ቆብ ሸፈነችው። «ጥቂት ደቂቃ አላችሁ» ብላ መጋረጃውን ሳበችልን።

«ጸልዪልኝ እስቲ» አልኳት ገነትን።

«ጌታ ሆይ» አለችና አቋረጠች። ዓይኗን ጨፍና «ጌታ ሆይ» አለች እንደገና። ስልክ መስመር ላይ ሰዓት ሙሉ የማትቆመው ገነት፣ ቃል አጣች። «እምቢ አለኝ፣ እትዬ» አለችኝ። «ምንም አይመጣልኝም። ፈራሁ።»

እኔ ከራሴ ቃል አውጥቼ ሰው ፊት ጸልዬ አላውቅም። ሰው ሲሰማኝ ያልኩት ሁሉ የተጻፈውን ወይም የሌላውን ነው። አባትና እናት ቢተዉኝ እግዚአብሔር ይቀበለኛል የምትለዋ መስመር ትዝ አለችኝና በእሷ ጀመርኩ።

«ጌታ ሆይ፣» አልኩ፣ «አባታችንም የለም፣ እናታችንም የለም። እኔና እሷ ብቻ ነን የቀረነው። ዛሬ ከወሰድከኝ፣ ይህችን ልጅ አንተ ተቀበላት። ብቻዋን ምሳ እንዳትበላ። የሚቆጣት ሰው ስጣት። ካልወሰድከኝ ደግሞ…»

እዚህ ላይ ድምፄ አለቀ። ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣ ግን የለም። ገነት እንባዋ እየወረደ ጥቂት ጠበቀችኝ። እንደማይመጣልኝ ስታውቅ ከተውኩበት አነሳችው።

«ካልወሰድካት ደግሞ፣» አለች፣ «አብረን እናመስግንህ።»

እኔ ልል የነበረው «ድምፄን መልስልኝ» ነበር። የእሷ ይሻል ነበርና፣ ያለ ድምፅ አሜን አልኩ።